ስምንት ዜማ ያለ ቃል

ናዝሬት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉደታ፤

በፉፋ እጅ የላኩት ወረቀት ትናንት ደረሰኝ። ሽንኩርቱን ገበያ አራግፎ ሲያበቃ መኪናውን ሆቴሉ በር ላይ አቁሞ ሰጠኝ። ሳልከፍተው ነው ጽሕፈትዎን ያወቅሁት። እትዬ ሎሚ እንዴት ናቸው? ወገባቸውስ ተሻላቸው?

በቅድሚያ ይቅርታ ልጠይቅ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ አራት ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን ብቅ ብዬ አልጠየቅኋችሁም። ከናዝሬት ዓለም ጤና የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። ምክንያት ብደረድር ይታወቅብኛል። ፈርቼ ነው።

ካሴቱን የት ቀረጽከው ላሉኝ፣ ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት አጣቢዎቹ አንሶላ ሊያሰጡ ሲወጡ እኔ እገባለሁ። ግድግዳውን በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። አብዱናሲር ሙዚቃ ቤቱን ዘግቶ፣ ቴፑን ተሸክሞ እየመጣ ይቀዳልኛል። ድራም የለም፣ ኦርጋን የለም፣ ድምፃዊ የለም። ጊታር ብቻ ነው። አሥራ አንድ ጠዋት ፈጀ። ሁለቱ ጠዋት ውሃ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ተበላሽቶብን እንደገና ነው የቀዳነው።

ከባንዱ ተጣላህ ወይ ላሉኝም፣ አልተጣላሁም። ሆራ ባንድ እንደሚያውቁት ጩኸት ነው። መጀመሪያ ለአብዮቱ ሦስት ዘፈን፣ ከዚያ በኋላ ጭፈራ። እኔን ሰው የሚወደኝ የጊታሩን ዋዋ ፔዳል ረግጬ ሮክ ስጫወት ነው። «ሙሉ መብረቅ» ይሉኛል። የባንዱ መሪ ገብረወልድ ሳክስፎኑን አውርዶ ለሶሎዬ ቦታ የሚለቅልኝ ለዚህ ነው። አሥር ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ብቻዬን ስሆን ግን ጣቶቼ ወደዚያ አይሄዱም። ረጋ ወዳለው፣ ወደ ረዥሙ ዜማ ነው የሚሄዱት። አንድ ጊዜ እንዲህ ልጫወት አልኩ።

ገብረወልድ ካሴቱን ሰምቶ ምን እንዳለ ልንገርዎ፤ «በቃ፣ መብረቁ አለፈና ካፊያ ቀረልን።» ድራመሩ ደግሞ፣ «ለለቅሶ ቤት እያከራየህ ትኖራለህ» አለኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ።

አንድ ካሴት ለእርስዎ በፉፋ ልኬያለሁ። በወረቀትዎ ግርጌ የጠየቁኝን ነገር ግን በአካል ስንገናኝ ብናወራው ይሻላል።

አክባሪዎ፣
ሙሉብርሃን


ዓለም ጤና፣ ጥቅምት 17 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሙሉ፤

አካም ጂርታ? እኛ ነጋ ነን፤ ደህና ነን። የሎሚ ወገብ ያው ነው፤ ሰላም ብላሃለች።

ካሴቱ ደርሷል። ቴፕ የለንም፤ የሽንኩርት መጋዘኑ ዘበኛ ግን አለው። እሑድ ጠዋት ከሎሚ ጋር ሄደን ሰማነው። አራተኛው ሲጀምር ተነስታ ወጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ጨረሰችው። ዘበኛው «ማን ነው የሚጫወተው?» አለኝ። «አንድ የናዝሬት ልጅ ነው» አልኩት። ዜማውን ማን ሠራው ብሎ ግን አልጠየቀኝም።

ጣትህ በስሏል። ያኔ መዘምራኑ ፊት ስትቀመጥ ክር እንደ ማገዶ ነበር የምትሰብረው። አሁን መጠበቅ ተምረሃል። ሦስተኛው መሃል ላይ ግን ከፍ የምትልበት ቦታ አለ። እኔ እንደዚያ አልሠራሁትም፤ እዚያ ጋ ወርዶ ነው የሚያርፈው። አንተ ሰው እንዲያጨበጭብልህ ነው የወጣኸው። ሆቴሉ አስለምዶሃል።

ስምንቱንም ዜማዎቼን አንድ በአንድ አውቄያቸዋለሁ። ስለዚህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በአካል አንገናኝም። አንተ አትመጣም። እኔም ናዝሬት ፊቴን ማሳየት አልችልም። ቤቱ ሲታሸግና ሽማግሌዎቹ ሲታሰሩ እኔ የሎሚን ወገኖች ልጠይቅ እዚህ መጥቼ ነበር፤ ሳልመለስ ቀረሁ። ያኔ ስሜን የጠራ የለም፤ እስከ ዛሬም የፈለገኝ የለም። ስለዚህ እዚሁ ወረቀት ላይ መልስልኝ።

ሽፋኑ ላይ «ዜማና ድርሰት ሙሉብርሃን አብተው» ይላል። የእኔን ስም መጻፍ እንደማትችል አውቃለሁ። የታሸገ ጸሎት ቤት መዘምራን መሪ ስሙ ካሴት ላይ አይወጣም፤ ብትጽፈው እብድ ነህ እልህ ነበር። የእኔን አለመጻፍ አንድ ነገር ነው። ያንተን መጻፍ ሌላ ነገር ነው። ባዶውን መተው አይቻልም ነበር?

ጉደታ


ናዝሬት፣ ኅዳር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉደታ፤

ሳልመልስልዎ ብዙ ቆየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

ባዶውን አይተውም። ካሴት ለማውጣት ቅጽ ይሞላል። «የግጥሙን ቃል በሁለት ኮፒ አቅርብ» ይላል። ግጥም የለውም አልኩት ሰውዬውን። «ምንም አይልም ማለት ነው?» አለኝ። ምንም አይልም አልኩ። ሻዩን እየጠጣ ጥቂት አዳመጠ። «ይህ እንግዲህ ማንንም አይነካም» ብሎ ማህተሙን አነሳ። ሊመታ ሲል «የዜማው ደራሲ» የሚለው መስመር ባዶ መሆኑን አየ። «ዜማ ከሰማይ አይወርድም፤ ጻፍ እንጂ» አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም። ስሜን ጻፍኩ።

ደግሞም እርስዎን ለመጠበቅ ብዬ ነው። ስምዎ እዚያ ቅጽ ላይ ቢገባ ምን እንደሚከተል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ካሴቱ እየተሰማ ነው። የመቂ መስመር ሾፌሮች ሁሉ ይዘውታል። ባለፈው አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ስገባ አራተኛው ተከፍቷል። አንድ ሽማግሌ ዳቦውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ዜማው እስኪያልቅ ቆየ። ማን እንደሆንኩ አላወቀም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽዎትም።

በባንዱ በኩል ግን ነገር መጥቷል። ባለፈው ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ፤ አጀንዳው «ግለኝነት» ነው። ድራመሩ ተነስቶ፣ «ጓድ ሙሉብርሃን በጋራ መሣሪያ የግል ዝና ፈልጓል» አለ። ጊታሩ የራሴ ነው አልኩ። «አምፕሊፋየሩስ?» አለ። አምፕሊፋየሩ የሆቴሉ ነው። ተነስቼ ግለ ሂስ አደረግሁ። ስንወጣ ገብረወልድ ትከሻዬን ይዞ፣ «መብረቅ በነበርክበት ጊዜ እኮ ማንም አልከሰሰህም» አለኝ።

ተቀይመውኝ እንደሆነ በግልጽ ይንገሩኝ።

ሙሉብርሃን


ዓለም ጤና፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሙሉ፤

ተቀይሜሃለሁ።

ሁለት መልስ ሰጥተኸኛል። ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም ትላለህ፤ ቀጥለህ ደግሞ ልጠብቅህ ብዬ ነው ትላለህ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። «የሕዝብ» ብለህ መጻፍ ትችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ሰውዬው ማህተሙን መትቶ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄድ ነበር።

ሎሚ «ተወው፣ ልጅ ነው» ትለኛለች። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው አልኳት።

ምን ባደርግ ይሻላል ብለህ በፉፋ አስጠይቀኸኛል። እኔ ዛሬ ሽንኩርት መዛኝ ነኝ። ከመስኖው እርሻ ይመጣል፣ እመዝናለሁ፣ ጆንያው ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ ፉፋ ይጭናል። ሥራው ክፉ አይደለም። ዜማዎቹ የተጻፉበት ደብተር ግን ቤቱ ሲታሸግ እዚያው ቀርቷል። ቤቱ አሁን የቀበሌ መጋዘን ነው ይባላል፤ ደብተሩ ምን እንደሆነ አላውቅም። መዘምራኑ ተበትነዋል። ስሞት አብረውኝ ይቀበራሉ ብዬ ነበር፤ ያንን ተቀብዬዋለሁ። አሁን ግን በሌላ ሰው ስም በአውቶቡስ ሲዞሩ እሰማለሁ። ይህን መቀበል አቃተኝ። ትዕቢት ነው ልትል ትችላለህ። ሎሚ ብላኛለች።

የምጠይቅህ ትንሽ ነገር ነው። ሽፋኑን አትቀይር። ማንም ዘንድ ሄደህ አትናገር። ግን ሰው ዜማው የማን ነው ብሎ ከጠየቀህ፣ የጉደታ ነው በል። የሚጠይቅህ ማንም ይሁን ማን። ሌላ አልፈልግም።

ጉደታ


ናዝሬት፣ ኅዳር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉደታ፤

እሺ። የሚጠይቀኝ ማንም ይሁን ማን፣ የእርስዎ ነው እላለሁ። ቃሌ ነው።

«የሕዝብ» የሚለው ቃል ያኔ አልመጣልኝም ብል ውሸት ይሆናል። መጥቶልኝ ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ አሰብኩት። አሥር ዓመት ከድምፃዊ ጀርባ ቆሜያለሁ፤ ስሜን አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ማየት አማረኝ። እኔ ጸሎት ቤቱም የመጣሁት ለጊታሩ ነበር፤ ይህንንም ያውቁታል። አባቴ አቶ አብተው ጸሎት ቤት መሄዴን ሰምተው ቤት ያስገቡኝ በስንት ምልጃ ነው። እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምን መጣህ አላሉኝም፤ ጊታሩን አቀበሉኝ። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ጀምሬያለሁ። ገብረወልድ ከልምምድ በኋላ፣ «ለመሆኑ እነዚህን ዜማዎች መቼ ሠራሃቸው?» አለኝ።

«እኔ አልሠራኋቸውም» አልኩት።

«ታዲያ ማን ነው የሠራቸው?»

«ጋሼ ጉደታ የሚባሉ ሰው።»

«የት ነው የሚጫወተው?»

«አይጫወቱም። ሽንኩርት ይመዝናሉ።»

ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። «አንተ ትሕትና ስትጀምር ደግሞ ታበዛዋለህ» አለኝ። አላመነኝም። ነገር ግን ተናግሬያለሁ።

ሙሉብርሃን


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉደታ፤

ፉፋ ወሬውን እንዳይነግርዎ ለምኜው ነበር። ሆዱ አልችል ብሎ ነግሮዎታል። እንግዲህ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ሸዋወርቅ ናት። መዘምራኑ ውስጥ ከሴቶቹ መስመር ዳር ትቆም የነበረችው እሷው ራሷ።

ቅዳሜ ዕለት የእህቷ ሠርግ ነበር። ጠዋት ፀጉሯን ልትሠራ ፀጉር ቤት ሄደች። ቢጎዲን ጠቅልለውላት ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገቧት። ቴፑ ያለው ከራሷ አጠገብ መደርደሪያው ላይ ነው። ካሴቱን ከፈቱት። ካስክ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነፋሱ ጆሮው ላይ እየጮኸ የራሱን ድምፅ አይሰማም። ሸዋወርቅ በሆዷ የምትል መስሏት አፏን ከፍታ ዘመረች፤ አራተኛውን፣ ከነቃሉ። ሁለት ሌሎች ሴቶች በቀሩት ካስኮች ውስጥ ነበሩ፤ እነሱም የእኛ ሰዎች ነበሩ ለካ። ተቀበሏት። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ደንግጣ ቴፑን አጠፋችው። ሦስቱ ዜማውን ይዘውት ነበርና አላቆሙም። አዝማቹን ሁለት ጊዜ ደግመው ጨረሱ። ወረፋ ይዘው ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት ናት።

ሦስቱንም አሰሯቸው፤ ሸዋወርቅን ቢጎዲኑን ሳታወልቅ ነው የወሰዷት። እህቷ ያለ እሷ ተዳረች።

ስንቅ ይቀበሉላቸዋል። ይህ ደህና ምልክት ነው ይላሉ የሚያውቁ። አብዱናሲር ካሴቱን ከመስኮቱ ላይ አንስቶታል። እኔን እስካሁን የጠራኝ የለም።

ምን ባደርግ ይሻላል?

ሙሉብርሃን


ዓለም ጤና፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሙሉ፤

ደብዳቤህን ለሎሚ አነበብኩላት። ዛሬ ጠዋት፣ «ያ የሸዋወርቅ ድምፅ!» አለች። ስንት ዓመት ዝቅ አድርጊ ብያታለሁ። እሺ ትላለች፤ ከዚያ ትረሳዋለች።

ስንቁን የሚያመላልሰው ማን ነው? አንተ እንዳትሄድ። እናቷ ትሂድ። ሁለቱ ሴቶችስ ልጆች አሏቸው?

የሴቶቹ አፍ ውስጥ ያለው ቃል የእኔ ነው። ዜማው ብቻ አይደለም፤ ቃሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጆንያ ስመዝን ውዬ የማስበው ይህንኑ ነው። ትናንት አንዱን ጆንያ ሁለት ጊዜ መዝኜ ፉፋ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወ።

መጠራትህ አይቀርም። ስትጠራ ምን እንደምትል ከአሁኑ አስብ። ቅጹ ፊት እንዳደረግኸው እዚያ ቆመህ አታስብ። በኅዳር ያልኩህን ነገር እኔም እንደገና እያየሁት ነው። ትንሽ ቀን ስጠኝ።

ጉደታ


ናዝሬት፣ ጥር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉደታ፤

ተጠርቼ ነበር። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። አሁን ቤቴ ነኝ፤ ደህና ነኝ። እጅህስ ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። እጄ ደህና ነው።

ሁለቱ ሴቶች ተፈትተዋል። ሸዋወርቅ አልተፈታችም፤ ጀማሪዋ እሷ ነች ብለው ይዘዋታል።

ገብረወልድ የባንዱ አባላት ስለ ካሴቱ የሚያውቁት ነገር የለም ብሎ ፈርሟል። አምጥቶ ወረቀቱን አሳየኝ፤ «ሰባት ሰው ይዤ ነው ያለሁት፣ ሙሉ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። አሁንም አብሬያቸው እጫወታለሁ፤ ዋዋውን ብቻ።

ምን እንደጠየቁኝና ምን እንዳልኩ በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ዛሬ አልቻልኩም። እትዬ ሎሚን ሰላም በሉልኝ።

ሙሉብርሃን


ዓለም ጤና፣ ጥር 10 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሙሉ፤

በሰላም መመለስህን ሰማን። ሎሚ ደስ ብሏታል።

ምን እንዳሉህ አልጻፍክም። ዝም ማለትህን እንደ ደህና ወሬ ልቆጥረው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ ሳትነግረኝ እኔ ልንገርህ። በኅዳር ያልኩህን አንስቻለሁ። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቅህ «ዜማው የእኔ የሙሉብርሃን ነው» በል።

አስቤበታለሁ። ቅጽ አለህ፤ ማህተም አለህ፤ ራሳቸው የፈቀዱት ካሴት ነው። ሴቶቹ ያሉትን ቃል አላውቀውም፤ ሰው በወደደው ዜማ ላይ የወደደውን ቃል ያስገባል በል። ለሸዋወርቅም ይቀልላታል። የታሸገ ቤት መዝሙር ዘመርሽ ከምትባል ከሆቴል ጊታር ጋር አንጎራጎርሽ ብትባል ይሻላታል። እኔ ድረስ ቢመጡ ሽንኩርት መዛኝ ነኝ፤ ዜማ የሚባል ነገር አላውቅም እላለሁ።

ዜማዎቹን ሰጥቼሃለሁ። ሎሚ ምስክር ትሁን ብዬ ፊቷ ነው ያልኩት። «እየሰጠህ ያለኸው በዚህ ፊት ነው?» አለችኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ሰጥቻለሁ ግን።

ይህን ለመጻፍ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። በታኅሣሥ መጻፍ ነበረብኝ።

ጉደታ


ናዝሬት፣ ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉደታ፤

ለጥምቀት ፉፋ ሥራ ስላልነበረው የአሥረኛው ቀን ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ነው። በአሥረኛው ቀን ቢደርሰኝም ዘግይቶ ነበር።

ስምዎን ሰጥቻለሁ። ያለፈውን ደብዳቤ ከመጻፌ ሁለት ቀን በፊት፣ ጥር 4 ቀን።

በመጀመሪያው ቀን ዜማው የእኔ ነው አልኩ። «እንግዲያው መዝሙሩን ለሴቶቹ ያስተማርካቸው አንተ ነህ» አሉኝ። ሁለተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «የደራሲውን ስም ጽፈህ ጥራን» ብለው ወጡ። ብቻዬን ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሰው መንገድ ላይ ሲሄድ ይታየኛል። ማንም አልነካኝም፣ ጋሼ። የነካኝ ቢኖር ልነግርዎ ይቀለኝ ነበር። ማንም አልነካኝም። ጻፍኩና ጠራኋቸው።

«ማንም ይሁን ማን» ብለውኝ ነበር። ይህንን ምክንያት ላደርገው አስቤ ነበር። ነገር ግን እዚያ ስቀመጥ የእርስዎ ቃል አልነበረም ትዝ ያለኝ። ወጥቼ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። መደበቂያ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ነው እስከ ዛሬ እንዳልጽፍልዎ ያደረገኝ።

የት እንዳሉ አልተናገርኩም። አላውቅም አልኩ። ትናንት ግን ገብረወልድን እንደገና ጠሩት። ጉደታ የሚባል ሰው ታውቃለህ ሲሉት፣ «ሽንኩርት ይመዝናል ብሎኝ ነበር» አላቸው። ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ ላቡ ይወርድ ነበር። «ቀልድ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ሙሉ» አለኝ። የፉፋ መኪና ከዓለም ጤና እንደሚመጣና በሆቴሉ በር እንደሚቆም ደግሞ የማያውቅ የለም።

ነገ ፉፋ ሻሸመኔ ጭነት አለው። እባክዎ እትዬ ሎሚን ይዘው አብረው ይውጡ። ወንድማቸው ኩየራ አሉ አይደል? ልብስ እንኳ አይያዙ።

ይቅርታ መጠየቅ የምችል አይመስለኝም። ግን እጠይቃለሁ።

ሙሉብርሃን


ዓለም ጤና፣ ጥር 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሙሉ፤

ደብዳቤህ ጠዋት ደረሰ። ሎሚ መኪናው ላይ ናት፤ ወንድሟ ጋ ኩየራ ትቆያለች። ፉፋ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ለምን አትወጣም፣ ሰውዬ!» እያለ ይጮህብኛል። ለእሱ የምሰጠውን መልስ ለአንተም ልጻፍልህ።

እኔ ከሄድኩ ሁሉም ነገር ሸዋወርቅ ላይ ይቀራል። የዘመረችው እኔ ያስተማርኳትን ነው። ይህን ቀርቦ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ሌሎች ሲታሰሩ እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ። ሁለተኛ አልችለውም።

ዜማ አላውቅም እላለሁ ብዬህ ነበር። ትናንት ሎሚ ፊት ቆሜ ሞከርኩት። «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። «እንኳን እነሱን፣ የዘበኛውን ውሻ አታታልልበትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አራት ዓመት የማን ዜማ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬ፣ ጠያቂው ሲመጣ አላውቀውም ማለት አይሆንልኝም።

ይቅርታ ጠይቀሃል። ገና ነኝ። ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልጽፍልህም። ማንም አልነካኝም የሚለውን ባላነበው እመርጥ ነበር። ግን ጽፈኸዋል፤ ያንን አይቻለሁ።

አሁን የእኔን ስማ። እኔም አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ሁለተኛውና ሰባተኛው ዜማ የእኔ አይደሉም። ካሴቱን የሰማሁ ቀን አውቄዋለሁ። ተናድጄ ስለነበር ስምንቱም የእኔ ናቸው ብዬ ጻፍኩልህ። ታርመኛለህ ብዬ ጠበቅሁ፤ አንተ አላረምከኝም። ስድስቱን የወሰደ ሰው ሁለቱን የእኔ ናቸው ለማለት ስላፈረ መሰለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሰባተኛውን ብቻዬን ዘበኛው ዘንድ ሄጄ ደጋግሜ አስከፍቼዋለሁ። ሎሚም አታውቅም። እንደዚያ ያለ ዜማ ብሠራ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

ሲጠይቁኝ ስድስቱ የእኔ ናቸው እላለሁ። ሁለቱስ ካሉኝ የሙሉብርሃን ናቸው፤ ቃል የላቸውም፣ ኖሯቸውም አያውቅም እላለሁ። ስለዚህ አንተም ከጠሩህ ይህንኑ በል። በዚያ ቅጽ ላይ የጻፍከው ስም ለሁለቱ ልክ ነው።

ጉደታ